ርካሹ ዕቃ ዐባይን ይሻገራልን?

ሰው ሲያረጅ ልጆቹ ይጦሩታል፤ መኪና ሲያረጅ ግን ባለቤቱን ጧሪ ያደርገዋል። ከሞጣ ወደ ብቸና ስንጓዝ ጤፍ እንደ ጫነ መንገድ ዳር የቆመ አንድ ፊያት 682 ባየን ጊዜ ትዝ ያለን ይኸው ነበር። ሾፌሮቻችን «ኤንትሬ» እያሉ የሚጠሩት ይህ የጣሊያን መኪና ለብዙ ዘመን የአገራችንን ጭነት ያመላለሰ ባለውለታ ነው። ያን ዕለት ግን ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማው አይዞርም። ከዋልካው ጭቃ ለመውጣት ሲታገል የኋላው አክስል ተበጥሶ ኖሯል።

ረዳቱ ለባለቤቱ፣ «ጋሼ፣ እናስበይደውና እንሂድ፤ ገበያው ያልፍብናል» አለ። በዕድሜ የገፋው ሾፌር ግን፣ «አንተ ልጅ፣ ብየዳው ደጀን ያደርስህ ይሆናል፤ ከዐባይ ማን ያወጣሃል?» ሲል መለሰለት።

ነገሩም እንዲህ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን አዲስ ድልድይ ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። አክስል በእሳት ተመትቶ የጠነከረ ብረት ነው፤ ሲበየድ ጥንካሬውን ያጣል። ዳገት ላይ ቢበጠስ ደግሞ ሞተሩ መኪናውን መያዝ አይችልም፤ ያለው ተስፋ ፍሬኑ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ገንዘብ ያጠረው ሰው ምን ያድርግ? አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ከፈረሱ መኪናዎች የወጣ አሮጌ አክስል ይገኛል። አሮጌ መግዛት ነውር የለውም፤ ሳይመረምሩ መግዛት ነው ነውሩ። ገዢው የተሰበረውን ይዞ ይሂድ፤ የግራውና የቀኙ ርዝመት ሊለያይ ይችላልና ይለካ፤ ጥርሱንና የብሎን ቀዳዳውን ይቁጠር። ጥርሶቹ ቀጥ ካላሉና ከተጠማዘዙ ያ ብረት ደክሟል ማለት ነው። ስንጥቅ እንዳለው ለማወቅ በናፍጣ ነክሮ፣ በደንብ ወልውሎ፣ የጠመኔ ዱቄት መነስነስ ነው፤ ስንጥቅ ካለ ናፍጣው ወጥቶ ዱቄቱ ላይ መስመር ያሰምራል።

ኩሽኔታ ግን አሮጌ አይገዛም። ቁጥሩ በላዩ ተጽፏልና በዚያው ቁጥር አዲሱን ከታመነ ነጋዴ መግዛት፣ የውስጡንና የውጭውን ቀለበት አብሮ መለወጥ ይገባል። ከሁሉ ርካሹ ዘይት የሚይዘው የጎማ ቀለበት ነው። ብዙ ሰው የሚንቀውም እርሱን ነው። እርሱ ሲያፈስ ዘይቱ ፍሬኑን ያርሳል፤ የራሰ ፍሬን ደግሞ በዐባይ ቁልቁለት አይታመንም።

ባለመኪናው ይህን ሁሉ ከሾፌሩ ሰምቶ ጥቂት ዝም አለ። ቀጥሎም ጤፉ በሌላ መኪና እንዲጫን አዘዘ። ለኪራዩ የከፈለው ትርፉን ሳይወስድበት አልቀረም። አሮጌ አክስል፣ አዲስ ኩሽኔታና አዲስ የዘይት ቀለበት ሊገዛም የተሰበረውን ይዞ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄደ።

ወጣት አንባቢዎቻችን ሆይ! ነገ በየመሥሪያ ቤታችሁ የዕቃ ግዥ ወረቀት በፊታችሁ ይቀርብ ይሆናል። ያን ጊዜ ዝቅተኛውን ዋጋ ከማክበባችሁ በፊት፣ «ይህ ዕቃ ቢሰበር የሚሰበረው የት ነው? በላዩስ ማን ተሳፍሯል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ዋጋውን እንጂ መንገዱን አልጠየቀም ነበርና።