እናት ብቻ አልነበሩም

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው ጠቅላይ ግዛት፣ በዚህ አውራጃ፣ በዚህ ወረዳ ተወለዱ። ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ በሕግ ተጋብተው ይህን ያህል ልጆች አፈሩ። ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ92 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ይህን ወረቀት ስም ብቻ እየቀየሩ ለመቶ እናቶች ማንበብ ይቻላል፤ ከለቀስተኛው መካከል «ይህ የሌላ ሰው ነው» የሚል አይገኝም። ዘጠና ዓመት ኖራ ቤት ያቆመች ሴት ከሌላዋ የምትለይበት አንድ ዐረፍተ ነገር ካልተገኘላት፣ የተነበበው ምስጋና ሊሆን ይችላል እንጂ የእሷ ታሪክ አይደለም። አያቶቻችንን የምናከብረው በባሕርያቸው ሳይሆን በሠሩት፣ በወሰኑትና በተከራከሩት ብናስታውሳቸው ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ የሚሆን ማስረጃም ከምንገምተው በላይ በእጃችን አለ።

ከርስት እንጀምር። በጎጃም፣ በጎንደርና በሰሜን ሸዋ ሰፊ ክፍል እስከ አብዮቱ ድረስ የእርሻ መሬት የሚጠየቀው ከአቅኚው በሚወርድ የዘር ሐረግ ነበር፤ ሐረጉም በወንድ ብቻ ሳይሆን በሴትም ይቆጠራል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ገበሬዎች ዘንድ ተቀምጠው በዝርዝር ያጠኑት ይህንኑ ነው፤ ሰው በእናቱ እናት በኩል ርስት ይጠይቃል፣ ሴት ልጅም ከወላጆቿ ድርሻ አላት። በሰማንያ የተጋባች ሴት ደግሞ ትዳሩ ቢፈርስ አብረው ያፈሩትን ከባሏ ጋር እኩል የመካፈል መብት ነበራት። በወረቀት ላይ «መልካም የቤት እመቤት» ተብለው የሚያልፉት እናት፣ ምናልባት የእናታቸውን ርስት ለማስመለስ ዳኛ ፊት የቆሙ፣ ዋስ የጠሩ፣ ምስክር የቆጠሩ ሰው ነበሩ። ሰባት ቤት መቁጠራቸው ዛሬ ለልጅ ልጆቻቸው የሚያስገርም የማስታወስ ችሎታ ይመስላል። በጊዜው ግን ማን ከማን እንደተወለደ ማወቅ የመሬት ማስረጃ ነበር። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ርስቱን ሻረ፤ መሬት ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ በጾታ ሳይለይ እንዲሰጥ ደነገገ። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የታደለው የይዞታ ደብተር ደግሞ የባልንም የሚስትንም ስም ያዘ። አንዲት ሴት ሦስቱንም ሥርዓት በአንድ ዕድሜ ኖራባቸዋለች። የትኛው ምን ሰጣት፣ የትኛው ምን ወሰደባት? በቀብር ወረቀቱ ላይ አንዱም የለም።

ሥራቸውም እንዲሁ ነው። ጋቢ ሲነሣ የሸማኔው እጅ ይመሰገናል። ጥጡ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ሸማኔው ዘንድ እስኪደርስ ያለፈው ወራት ግን የሴት ነበር። የሞተር ወፍጮ ከመግባቱ በፊት ለቤተሰብ እንጀራ የሚሆነው ጤፍ በመጅ ተፈጭቷል። በየከተማው ጠላና አረቄ ተሽጦ ስንት ልጅ ደብተር እንደተገዛለት የማያውቅ የለም፤ ሆኖም ዶክተሩ ወይም ኢንጂነሩ ስለ ራሱ ሲጽፍ «በመንግሥት ትምህርት ቤት ተምሬ» ይልና ጌሾውን ይዘለዋል። ይህ ሥራ ደመወዝ ስለሌለው መዝገብ የለውም። መዝገብ የሌለውን ደግሞ «ታታሪ ነበሩ» ብሎ ማለፍ ይቀላል።

ጥያቄው እንዴት ይታወቃል ነው። አያቶቻችን ዓመተ ምሕረት ባይቆጥሩም ዘመን ይቆጥራሉ። አንዲት እናት «ማይጨው ሲዘመት የበኩር ልጄ ገና ጡት አልጣለችም» ብትል፣ ጦርነቱ መጋቢት 1928 ስለነበር ልጅቱ የተወለደችው በ1926 ወይም በ1927 አካባቢ ነው። ጎንደር ጣሊያን የለቀቀው ኅዳር 1934 መሆኑ፣ ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 መሆኑ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 መጀመሩ፣ የ1977ቱ ድርቅ፣ እነዚህ ሁሉ የአንድን ሕይወት ቅደም ተከተል ለመስፋት ይበቃሉ። የክርስትና ቀንም ይረዳል። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ፣ «ክርስትናዬ የጥምቀት ዕለት ነው» የሚሉ እናት የተወለዱት ጥቅምት 21 ገደማ ነው ማለት ነው። በሙስሊም ቤተሰብ ረመዳንና ዒድ በየዓመቱ ስለሚዟዟሩ ስሌቱ ይከብዳል፤ ዝናቡና አዝመራው ከታከለበት ግን እዚያም ይቻላል።

እዚህ ላይ የሚነሣው መቃወሚያ «የሽማግሌ ትዝታ ይታመናል ወይ?» የሚል ነው። ይሳሳታል፤ ሁለት ዘመቻ አንድ ያደርጋል፣ የሞተን ልጅ ዕድሜ ያዛባል። ግን ወረቀት ከሱ ይሻላል ያለው ማን ነው? ልደትን በመላ አገሪቱ በወጥነት መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብ ቆጠራ በ1976 ሲካሄድ ብዙ ሰው ዕድሜውን በአምስትና በዜሮ ወደሚያልቅ ቁጥር አጠጋግቶ ተናግሯል። ውጭ አገር የሄዱ ስንት ወገኖች ፓስፖርታቸው ላይ የልደት ቀናቸው በግምት ጃንዋሪ 1 ተብሎ ሰፍሯል! ስለዚህ በቀብር ወረቀቱ ላይ በእርግጠኝነት የሚነበበው «92» ራሱ ብዙ ጊዜ የአንድ ጸሐፊ ግምት ነው፤ እናትየዋ ስለ ማይጨው የሚናገሩት ግን ቢያንስ ከሌላ ነገር ጋር ሊመሳከር ይችላል። ትዝታን በትዝታ፣ ከዚያም በታወቀ ቀን መመዘን የታሪክ ሰዎች የየዕለት ሥራ ነው፤ ለቤተሰብም አይከብድም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ይበልጥ ይከብዳል፤ ስለ ገመና ነው። የእናት ታሪክ ሲቆፈር ያለዕድሜ ጋብቻ ይወጣል፣ ጠለፋ ይወጣል፣ ስሙ የማይጠራ የመጀመሪያ ባል፣ ያልተቀበረ ቂም ይወጣል። የሞተን ሰው ነውር ማውራት ደግሞ ከባህላችን አይደለም። ይህን እቀበላለሁ፣ ነገር ግን እስከ ምን ድረስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴትን የጋብቻ ዕድሜ 15 አድርጎ ነበር፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ 18 አደረሰው። ከሁለቱም በፊት በዘጠኝ ዓመቷ የተዳረችን ልጅ «ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ» ብሎ መጻፍ ገመናን መሸፈን አይባልም፤ የሚሸፈነው የዳሯት ሰዎች ሥራ ነው። ከዚያም «ታጋሽ ነበሩ» ስንል ምኑን እንደታገሡ እንሰርዛለን። ልኩን የሚወስኑት ግን እሳቸው ናቸው። በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ያለበትም ለዚህ ነው፤ ይህን ጻፉ፣ ያን ተዉት፣ ያን ደግሞ ልጆቼ ብቻ ይወቁት ማለት የሚችሉት አፋቸው እስካለ ድረስ ነው። ከሞቱ በኋላ ፈቃድ የሚሰጥ የለም፤ ሁሉም ወራሽ በየራሱ ፍላጎት ይቆርጣል፣ ይቀጥላል።

«እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ» የሚሉት ራሳቸው እናቶቹ ናቸው፤ ይህም እንደ መቃወሚያ ይቆጠር። መልሱ ያለው እስካሁን ታሪክ ተብሎ በተጻፈው ውስጥ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ካሳተሙት የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ጀምሮ የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ዋና ባለቤቶች ሹማምንት፣ መኳንንትና ሊቃውንት ናቸው። ዙፋን ያልነካ ሕይወት ታሪክ የለውም የሚለው እምነት እናቶቹን ቢያሳምናቸው አይገርምም። ግን ተሞክሮ ታይቷል። ጋዜጠኛ አይዳ እደማርያም ጎንደር ተወልደው ስላደጉት አያቷ በ2010 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው መጽሐፍ በዋነኛነት የተገነባው በእኚሁ ሴት ንግግር ላይ ነው። ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው ለአንድ ካህን ተድረዋል፤ የጣሊያንን ወረራ፣ የንጉሡን መውረድና አብዮቱን አይተዋል፤ ልጆች ቀብረዋል። ጸሐፊዋ ምዕራፎቹን በኢትዮጵያ ወራት ከፋፍላቸዋለች፤ የቤት ሥራ፣ ጾምና ዝናብ የሚመላለሱት በወር እንጂ በመንግሥት ለውጥ ስላልሆነ አከፋፈሉ ትክክል ይመስለኛል። መጽሐፉ በ2011 እንግሊዝ አገር የኦንዳቼ ሽልማትን አገኘ። የሚያስቆጨው አማርኛ ተናጋሪ እናት ያወሩት ታሪክ በመጀመሪያ የተነበበው በሌላ ቋንቋ መሆኑ ነው።

መጽሐፍ መጻፍ ግን ከማንም አይጠበቅም። ስልክ አስቀምጦ «መጀመሪያ የሸጡት ምን ነበር? ገንዘቡን ምን አደረጉበት? ከማን ጋር ተካሰሱ? ማን ፈረደ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «ስለ ሕይወትዎ ይንገሩን» የሚል ጥያቄ መልሱ «ተመስገን» ነው፤ ስለ አንዲት ላም መጠየቅ ግን ሰፈሩን በሙሉ ያስነሣል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያደጉ፣ አማርኛቸው የሳሳ የልጅ ልጆች ለዚህ ሥራ አይበቁም የሚባለውም ትክክል አይደለም። የማያውቁት ነገር ብዙ ስለሆነ፣ እኛ አፍረን የማንጠይቀውን እነሱ ይጠይቃሉ። በቀብሩ ዕለት አጭሩ ወረቀት ይነበብ፤ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ነው፣ ካህናቱም ይቸኩላሉ። ረጅሙን ጽሑፍ ለዐርባው ወይም ለሙት ዓመቱ ማቆየት ይሻላል። ያኔ ከገጠሩም ከከተማውም ዘመድ ይሰበሰባል፤ ከተዝካሩ በኋላ ሲነበብ አንዱ አጎት «እሱማ ከጣሊያን በፊት ነው» ይላል፣ እኅታቸው «ኧረ አይደለም፣ በሬው የሞተ ዓመት ነው» ብለው ይከራከሩታል። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ይዞ ይቀመጥ፤ በየገጹ ግራና ቀኝም ሰፋ ያለ ኅዳግ ይተው።