የቤት ኮምፒዩተርን ለማሻሻል ስለ ማዘርቦርድ አመራረጥ

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚሠራ ነጋዴ የሰሊጡን፣ የጥጡንና የማሽላውን ሒሳብ በመዝገብ ወረቀት ብቻ የሚይዝበት ዘመን እያለፈ ነው። ዛሬ በብዙ ነጋዴ ቤት አንድ ኮምፒዩተር ይገኛል፤ ቀን የመጋዘን ገቢና ወጪ ይመዘገብበታል፤ ማታ ልጆች ያጠኑበታል። ይህ መሣሪያ ሲያረጅ ለባለቤቱ ሁለት መንገድ ይታየዋል፤ ይኸውም ሙሉውን መለወጥ፣ አለዚያም ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበትን ማዘርቦርድ ለውጦ የቀረውን ማዳን ነው።

ጉዳዩን አጣዳፊ ያደረገው ምክንያት የታወቀ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለ የምስጢር መጠበቂያ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ወገንም በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በሌላ በኩል የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ተወዷል። ጎንደር ከመተማ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በስሕተት የተገዛውን ዕቃ ለማስለወጥ መመላለሱ ሌላ ኪሳራ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ መመርመር የሚገባው ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ነው። በዚህ ረገድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የኢንቴል 6ኛና 7ኛ ትውልድ ኤል ጂ ኤ 1151 በተባለው ሶኬት ይቀመጣሉ፤ 8ኛውና 9ኛውም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ይሁን እንጂ 8ኛው ትውልድ በቀድሞው ሰሌዳ ላይ ቢገጥምም አይሠራም። ስለዚህ የ7ኛ ትውልድ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ፕሮሰሰሩን ብቻ ቢገዛ ገንዘቡን በከንቱ ያጠፋል። የኤ ኤም ዲ ሥራ የሆነው ኤ ኤም 4 ግን ባዮሱ ከታደሰ በርካታ ትውልዶችን ይቀበላል።

ሁለተኛው የራም ዓይነት ነው። ዲ ዲ አር 3፣ ዲ ዲ አር 4 እና ዲ ዲ አር 5 መሰንጠቂያቸው የተለያየ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አሮጌውን ራም ለማትረፍ የሚያስብ ሰው ዓይነቱን አስቀድሞ አጣርቶ ይጻፍ።

ሦስተኛው መጠን ነው። ኤ ቲ ኤክስ የተባለው ሰሌዳ 305 በ244 ሚሊ ሜትር ሲሆን ማይክሮ ኤ ቲ ኤክስ 244 በ244 ነው። በአገራችን በብዛት ከሚሸጡት ያገለገሉ የዴልና የኤች ፒ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ ግን የራሳቸው ቅርጽና የራሳቸው የኤሌክትሪክ መሰኪያ ስላላቸው፣ ማንኛውም ሰሌዳ አይገጥማቸውም።

ከዚህም በቀር የቆላው አየር የራሱ ፍላጎት አለው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ደካማ ሰሌዳ ቶሎ ይጎዳል። በመሆኑም በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉት የኤሌክትሪክ ማመጣጠኛዎች የሙቀት ማብረጃ ብረት የተገጠመላቸውን፣ የማራገቢያ መሰኪያውም ከአንድ በላይ የሆነውን መምረጥ ይበጃል። አቧራውን በየጊዜው ማራገፍ፣ መብራት ሲዋዥቅም መሣሪያውን በስታቢላይዘር ወይም በዩ ፒ ኤስ መጠበቅ ከሰሌዳው ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ ያለበት ወጪ ነው።

ያገለገለ ሰሌዳ የሚገዛ ሰው የሶኬቱ መርፌዎች አለመጣመማቸውን፣ ካፓሲተሮቹም አለማበጣቸውን በብርሃን ይመልከት፤ ሻጩም በፊቱ አብርቶ እንዲያሳየው ይጠይቅ።

በመጨረሻም ስሌቱን ማስላት የነጋዴ ጠባይ ነው። ሰሌዳው፣ ፕሮሰሰሩና ራሙ ሦስቱም የሚለወጡ ከሆነ ከአሮጌው የሚተርፈው ሣጥኑና ዲስኩ ብቻ ነው፤ በዚህ ጊዜ ያገለገለ የ8ኛ ትውልድ ሙሉ ኮምፒዩተር ዋጋውን ጠይቆ ማነጻጸር ይገባል። የትኛውም ቢመረጥ፣ አንድ ብሎን ከመፈታቱ በፊት የፒችትሪው መዝገብ በሌላ ዲስክ ይገልበጥ። ሰሌዳ በገንዘብ ይተካል፤ የጠፋ የዱቤ ሒሳብ ግን ባለዕዳው ካላመነ በቀር አይመለስም።