ዲግሪው ስለ ማን ይመሰክራል?

ጎንደር ፒያሳ ላይ ተመርቀው ሥራ ያጡ ወጣቶችና የኮሌጅ ደጃፍ ሳይረግጡ ሱቃቸውን ያደረጁ ነጋዴዎች በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። ይህን ያየ ሰው «ታዲያ ዲግሪ ምን ጠቀመ?» ቢል አይፈረድበትም። ግን ፒያሳ ላይ የሚታየን ያልከሰረው ነጋዴ ብቻ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ የሄደው አይቆጠርም። ነርስም ሆነ መሐንዲስ ያለ ማስረጃ አይቀጠርም፤ ሐሰተኛ ዲግሪ በገንዘብ የሚገዛ መኖሩም ወረቀቱ ዛሬም በር እንደሚከፍት ያሳያል። መጠየቅ ያለበት ወረቀቱ ስለ ባለቤቱ በእውነት ይመሰክራል ወይ የሚለው ነው።

ጎንደር ይህን ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ ከመኖሩ አስቀድሞ ታውቀዋለች። የአብነት (የቤተ ክርስቲያን ትምህርት) ተማሪ ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ፣ አቋቋም ለመማር ደግሞ ጎንደር ይወርድ ነበር። የተማረውን በቃሉ፣ በመምህሩ ፊት ካልተወጣው ስንት ዓመት ቆሎ ትምህርት ቤት መክረሙ አያስመሰግነውም። ሕዝቡ በቀልዳቸው የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሃና በሊቃውንቱ ዘንድ የተከበሩት በአቋቋም ዕውቀታቸው ነው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም (የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ) ከዚህ ብዙ አልራቀም። ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ፈጅቶ ነበርና፣ ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በቡድን ሆነው ጤና ጣቢያ ወርደው በሽተኛ ፊት ይሠለጥኑ ነበር። ያ ማስረጃ ከኋላው የታየ ሥራ ነበረው።

ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች በአገሩ በዙ፣ ተመራቂው ከሥራው ቦታ በለጠ፤ ኮብልስቶን የሚጠርብ ባለ ዲግሪም አየን። በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ሲጀመር ካለፈው ይልቅ የወደቀው በዛ። ፈተናው ጨካኝ ነው፣ ለዓመታት የተማረን ወጣት በአንድ ቀን ይመዝናል የሚል ቅሬታ አለ። እኔ ግን ምዘናው የዘገየ እንጂ የበዛ አይመስለኝም፤ ቀጣሪው ቀድሞውኑ ወረቀቱን መጠራጠር ጀምሮ ነበር።

ፈተና የሚወድቀው ወጣት በራስ መተማመኑ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ሌላ ነው፤ ያሳስባልም። በ2014 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ1 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። አንድም ልጅ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ልጆቹን ሰነፎች የማለት መብት የለውም፤ ያልተማሩትን ነው የተጠየቁት። ልጁ ግን ይህን ስሌት አይሠራም፣ ውርደቱን ብቻውን ይሸከማል። በአማራ ክልል ደግሞ ግጭት ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ለፈተናው እንኳ ያልደረሱ ብዙዎች አሉ። ፈተናውን ባለፈው ልጅ ዘንድ በወረቀት ላይ ብቻ የቆመ ኩራትም ቢሆን የመጀመሪያው አለቃ «እስቲ ሥራውና አሳየኝ» ሲል ይፈተናል።

የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝ ግን ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና የሚያልፈው በእጁ ሠርቶ በማሳየት ጭምር ነው። ከአብነቱ ሥርዓት ጋር የሚቀራረበው ይህኛው ነው፤ ሆኖም ሽማግሌ ሲላክ ዛሬም የሚጠየቀው «ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል ወይ?» ተብሎ ነው።