ማንም ሪባን ያልቆረጠለት ኢንዱስትሪ፦ የመርካቶ ጫማ ሰሪዎች ሥራ የፈጠሩት እንዴት ነው?

ስለ ሥራ አጥነት ሲወራ ሁሌ የምንሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ኢንቨስተር ይምጣልን»። ሼድ ይሠራል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ከዚያ ሥራው ይመጣል ይባላል። ዛሬ ግን ማንም ሪባን ሳይቆርጥለት ኢንዱስትሪ የሆነ ሰፈር እናሳያችሁ። ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ነው። ምናልባት አሁን ያደረጋችሁት ጫማ ራሱ እዚያ የተሰፋ ይሆናል።

👉 እንዴት ተጀመረ?

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ) የአርመን ነጋዴዎች አዲስ አበባ ላይ የጫማ ፋብሪካ ከፈቱ። የዛሬው አንበሳ ጫማ ድሮ ዳርማር ይባል ነበር፤ ሥሩ ከዚያ ነው። ቁም ነገሩ ግን እዚያ ሙያ የለመዱት ሠራተኞች ናቸው። ወጥተው የራሳቸውን ትንሽ ቤት ከፈቱ። እነሱ ያሠለጠኗቸው ልጆችም በተራቸው ወጡ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱ ቤት ሌላውን ወለደ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጫማ ሰሪዎች መርካቶና ዙሪያዋ ላይ ተሰበሰቡ።

👉 ለምን መርካቶ?

ሁሉም ነገር እዚያው ስላለ ነዋ! ቆዳው፣ ሶሉ፣ ማስቲሹ፣ ክሩ በእግር የሚደረስበት ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። ከክፍለ ሀገር የሚመጣው አከፋፋይም እዚያው ነው። ሥራውም የተከፋፈለ ነው፦ አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ይሰፋል፣ ሌላው ሶል ይለጥፋል። ማሽን የሌለው ጎረቤቱ ጋ ከፍሎ ያሠራል።

በተጨማሪ እምነት አለ። የሚተዋወቁ ሰዎች ዕቃ በዱቤ ይሰጣጣሉ፤ ጫማው ሲሸጥ ሂሳብ ይዘጋል። ለዚህ ነው ሚሊዮን ብር ሳይኖር መጀመር የሚቻለው። ኢኮኖሚስቶች ይህን «ክላስተር» ይሉታል። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ማርሻል ገና በ1890 (እ.ኤ.አ) ጽፎበታል፦ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሙያው ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል።

👉 የቻይና ጫማ ሲመጣስ?

በ2001 (እ.ኤ.አ) አካባቢ ርካሽ የቻይና ጫማ ገበያውን አጥለቀለቀው። ብዙዎች ዘጉ፣ ብዙዎች ሥራ ፈቱ። «የአገር ውስጥ ጫማ አለቀለት» ተባለ። የቀሩት ግን ዲዛይን ቀየሩ፣ የተሻለ ሶልና ቆዳ መጠቀም ጀመሩ፣ ጥራት ጨመሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ገበያቸውን መልሰው ያዙ። የጃፓን ተመራማሪዎች ሳይቀሩ መጥተው ይህን አጥንተዋል። አንዱ ያገኘው አዲስ ዘዴ ለጎረቤቱ ቶሎ ይደርስ ስለነበር፣ መንደሩ ባንድ ላይ ነው የተማረው።

👉 ታዲያ ትልልቅ ፋብሪካ አያስፈልግም?

ያስፈልጋል። በ2012 (እ.ኤ.አ) ዱከም ላይ ሥራ የጀመረው የቻይናው ኋጂያን ጫማ ፋብሪካ ብዙ ወጣት ቀጥሯል። ከውጭ የመጣ ግን ሊሄድም ይችላል። የአሜሪካው ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም ሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን ዘግቶ ወጥቷል፤ ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ) ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታግዳለች። የመርካቶ ጫማ ሰሪ ግን የት ይሄዳል? ቤቱም ገበያውም እዚሁ ነው።

👉 አናሳምረው

የመርካቶ ሥራ ጨለማ ጎንም አለው። ክፍያው ብዙ ጊዜ በጥንድ ነው፤ ትእዛዝ ከሌለ ደሞዝ የለም። ቤቱ ጠባብ ነው፣ የማስቲሽ ሽታ ይከብዳል፣ ውልና ጡረታ የሚባል ነገር ብርቅ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በገዛ እጁ የሰፋው ጫማ ላይ የጣሊያን ስም ይለጥፋል።

አደጋም አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ሸማ ተራ ላይ የተነሳው እሳት የስንቱን ዓመታት ልፋት ባንድ ሌሊት እንደበላ አይተናል።

ትልቁ ጥያቄ ግን ቦታ ነው። ከተማዋ እየፈረሰች እየተሠራች ነው። ለጫማ ሰሪው የተሻለ ቤት መስጠት አንድ ነገር ነው። ቆራጩን አንድ ዳር፣ ሰፊውን ሌላ ዳር፣ ቆዳ ሻጩን ሦስተኛ ቦታ መበተን ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ ሰዎቹ ቢኖሩም ሥራው ይሞታል፤ ኢንዱስትሪው ያለው ጉርብትናው ውስጥ ነውና።

👉 ከዚህ ምን እንማር?

ሰፈራችሁ ላይ ሥራ እንዲመጣ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ «ምን የለንም?» አትበሉ፤ «ምን አለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ማን ምን ሙያ ያውቃል? ማንስ ያስተምራል? ባንድነት ዕቃ መግዛት፣ ማሽን መጋራት፣ መሥሪያ ቦታ መጠየቅ ይቻላል ወይ? ወረዳው ላይ አንድ ሰው ብቻውን ሲጮህና ሃምሳ ሰው ተደራጅቶ ሲመጣ እኩል አይሰማም።

እስኪ እናንተም ንገሩን፦ እናንተ ሰፈር ሁሉም የሚያውቀው ሙያ ምንድነው?