ሐብሊ ከከሰመ በኋላ፦ የ14ቱ ወንበሮች ጥያቄ

የሐረሪ ብሔራዊ ሊግ፣ በአጭር ስሙ ሐብሊ፣ በ2012 ዓ.ም. ኅዳር በወቅቱ ገዥ ከነበረው ኢሕአዴግ ሌሎች አጋር ድርጅቶች ጋር ወደ ብልጽግና ፓርቲ ገብቶ ከሰመ። የተቋቋመበት ጥያቄ ግን ዛሬም አለ፦ በገዛ ከተማው በሐረር በቁጥር ያነሰ ሕዝብ ራሱን በራሱ እንዴት ያስተዳድር?

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የሐረሪ ክልል ነዋሪ ከ183 ሺህ ትንሽ የበለጠ ነበር። ኦሮሞው ከመቶ 56 ሲያልፍ አማራው 23 ገደማ፣ ሐረሪው ደግሞ ከ9 በታች ነው። በአገሪቱ ከተቆጠሩት ሐረሪዎች ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት ከክልሉ ውጭ ነው። ይህ የሆነው እንዲሁ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. የሐረሪዎች የፖለቲካ ንቅናቄ የነበረው የኩሉብ እንቅስቃሴ ሲደፈጠጥ ብዙዎች ታሰሩ፣ ንብረት ተወረሰ፣ ቤተሰብ እየተነቀለ አዲስ አበባና ሌላም ቦታ ሰፈረ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ በግንብ በታጠረችው ጥንታዊት ከተማ በጀጎል ዙሪያ የነበረው የእርሻ ይዞታም ከሐረሪዎች እጅ ወጣ።

የክልሉ ሕገ መንግሥት ለዚህ ታሪክ መልስ ለመስጠት ሞክሯል። ምክር ቤቱ 36 መቀመጫ አለው፤ 22ቱ ለመላው ነዋሪ ክፍት ሲሆኑ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው። የጉባኤውን አባላት የሚመርጡት ሐረሪዎች ብቻ ናቸው፤ አዲስ አበባ የሚኖረውም ይመርጣል። ርዕሰ መስተዳድሩን የሚያቀርበውም ይኸው ጉባኤ ነው። ሐብሊ ታዲያ ጉባኤውን ይዞ፣ ሌላውን ወንበር ከኦሮሞ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት (ኦሕዴድ) ጋር እየተካፈለ ኖረ።

ይህ የወንበር ክፍፍል ስምምነት ሰላም አስገኝቷል፤ ይህን መካድ ተገቢ አይሆንም። ነገር ግን በሁለት ድርጅቶች መካከል ያለቀ ጉዳይ ስለነበር አማራው፣ ጉራጌውና ሶማሌው በድርድሩ ቦታ አላገኙም። የሐረሪው መራጭም ቢሆን አማራጭ አጣ።

የራስ አስተዳደር ወሰኑ የት ድረስ እንደሆነ ለማየት የሐረርን ውሃ መመልከት ይበቃል። የሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ ከተማዋ ከድሬዳዋ አቅራቢያ በሚመጣ ረጅም መስመር ላይ ተንጠለጠለች። ምንጩም አብዛኛው መስመሩም ከክልሉ ወሰን ውጭ ነው። ቧንቧው በደረቀ ቁጥር ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው ሐረሪው፣ ኦሮሞውና አማራው እኩል ነው፤ የትኛውም የተጠበቀ ወንበር ከጎረቤት ጋር ካልተስማማ ውሃ አያመጣም።

ወደ ወንበሮቹ ስንመለስ፣ በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጭ ያሉ ሐረሪዎች ለጉባኤው ድምፅ እንዲሰጡ የቀረበለትን ጥያቄ አልቀበልም አለ። ጉዳዩ ፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ለሐረሪዎች ተወሰነ። በክልሉም ምርጫው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ተካሄደ።

የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ትክክል ነበር እላለሁ። በግፍ ተነቅሎ የወጣን ሰው፣ ርቀህ ትኖራለህ ብሎ ድምፁን መንፈግ ግፉን መድገም ነው። ጥበቃው የተሰጠው ግን ለሕዝቡ እንጂ ለአንድ ድርጅት አይደለም። ሐብሊ ያለ ተፎካካሪ ስለቆየ ለቅርስ እንክብካቤው፣ ለቋንቋው ትምህርትና ለመሬት አስተዳደሩ በድምፅ የሚጠይቀው አልነበረም። ዛሬ ወንበሮቹ አገር አቀፍ በሆነ ፓርቲ እጅ ሲገቡ ይህ ስጋት ይብሳል፤ ዕጩው የሚመረጠው ከሐረር ርቆ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ 14ቱ መቀመጫዎች ይቆዩ፤ ለእነሱ ግን የሐረሪ ግለሰቦችና አዳዲስ ማኅበራት በነፃ ይወዳደሩ። የ22ቱ ወንበር ምርጫም ለሌላው ነዋሪ እውነተኛ ፉክክር ይሁን።