የደረሰኙ ነገር፦ በንግድ ሸሪኮች መካከል ስለሚደረግ አስተማማኝ የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ልውውጥ



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመለዋወጫ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ለምክር ጠርቶኝ ነበር። ድርጅቱ ከውጭ አገር አቅራቢው ጋር በኢሜይል ሲጻጻፍ በመካከል የገባ ሰው ኢንቮይሱ ላይ ያለውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ብቻ ለውጦ ቀሪውን እንዳለ ትቶታል። ክፍያው ተላለፈ፤ ዕቃው ግን አልመጣም። አቅራቢው «እንዲህ ያለ ኢንቮይስ አልላክሁም» ሲል አስመጪው «ከአንተ አድራሻ ነው የመጣልኝ» አለ። ዋና ሒሳብ ሹሙ ወረቀቱን ዘርግተው «ዶክተር፣ ማኅተም እኮ አለበት!» እያሉ ያሳዩኝ ነበር። ያ ማኅተም ሥዕል ነው፤ ከአንዱ ሰነድ ቀድቶ ሌላው ላይ ለመለጠፍ ደቂቃ አይፈጅም።

ከገንዘቡ ባልተናነሰ ያሳሰበኝ ከሁለቱ ማንኛቸውም ቃላቸውን የሚያስረዱበት ማስረጃ ያልነበራቸው መሆኑ ነው። በወረቀት ዘመን ይህን የምንፈታበት ሥርዓት ነበረን። ደብዳቤው ይፈረማል፣ ቲተርና ክብ ማኅተም ያርፍበታል፣ በፖስታ ይታሸጋል፤ ተላላኪው ማስረከቢያ መዝገቡን ይዞ ይሄድና ተቀባዩን ያስፈርማል። ፊርማው ላኪውን ያሳውቃል፣ ፖስታው ምሥጢሩን ይጠብቃል፣ መዝገቡ ደግሞ «አልደረሰኝም» የሚለውን ክርክር ይዘጋል። ኢሜይል ሲመጣ ፍጥነቱን ወሰድን፤ መዝገቡን ግን የትም ጣልነው።

በንግዱ ዓለም የሰነዶችን ይዘት በአንድ መልክ ለመጻፍ የተደረገው ጥረት ቀድሞ የተጀመረ ነው፤ በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተዘጋጀው ኢዲፋክት የተሰኘው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጸድቋል። የግዥ ትእዛዙን፣ የጭነት ማሳወቂያውንና ኢንቮይሱን የሁለቱ ወገኖች ኮምፒውተሮች ያለ ሰው እጅ እንዲያነቡት ያስችላል። ሰነዱን በኢንተርኔት በደኅና ለማድረስ በስፋት ከሚሠራባቸው ስምምነቶች አንዱ ደግሞ ኤኤስ2 ይባላል። የቴክኒክ ሰነዱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ዋልማርት ግን በ2002 አቅራቢዎቹን በዚሁ መንገድ እንዲልኩ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ገበያው ከደረጃ አውጪው ቀድሞ ሄደ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ወገን ሁለት ቁልፎች አሉት፤ አንዱን ለራሱ ይደብቃል፣ ሌላውን ለሸሪኩ ይሰጣል። ላኪው ከሰነዱ አንድ አጭር አሻራ ያሰላል። ከሰነዱ አንዲት አኃዝ ብትለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል። ይህን አሻራ በድብቅ ቁልፉ ይፈርምበታል። ቀጥሎ ሰነዱን ለአንድ ጊዜ ብቻ በተፈጠረ ቁልፍ ይመሰጥርና ያንን ቁልፍ በተቀባዩ ይፋዊ ቁልፍ ይቆልፈዋል። ተቀባዩ በራሱ ድብቅ ቁልፍ ይከፍታል፣ ፊርማውን ይመረምራል፣ ከዚያም አሻራውን ራሱ እንደገና ያሰላል። ያገኘውን አሻራ በደረሰኝ ላይ ጽፎ፣ ፈርሞ ይመልሳል። ላኪው ሁለቱን አሻራዎች ያስተያያል፤ ከገጠሙ ተቀባዩ ያንኑ ሰነድ፣ ያለ አንዲት ነጥብ ለውጥ፣ መቀበሉን ሊክድ አይቻለውም። ብዙዎች በምሥጠራው ይደነቃሉ፤ እኔ ግን የሥርዓቱ እምብርት ደረሰኙ ነው እላለሁ።

ሆኖም ደረሰኙ የማይናገረውን አናናግረው። በማስረከቢያ መዝገብ ላይ የፈረመ ጸሐፊ በደብዳቤው ሐሳብ ተስማማ እንደማይባል ሁሉ፣ የኤኤስ2 ደረሰኝም «ደርሶኛል፣ ከፍቼዋለሁ» ይላል እንጂ «ትእዛዙን ተቀብያለሁ» አይልም። ለዚያ ሌላ የንግድ ምላሽ ያስፈልጋል። ይህን ሳይለዩ የተዋዋሉ ሸሪኮች ሲካሰሱ አይቻለሁ።

ደካማው ቦታ ሌላ ነው። የሸሪኬ ይፋዊ ቁልፍ በእርግጥ የእርሱ ስለመሆኑ በምን አውቃለሁ? የዲጂታል የምስክር ወረቀቱን በዚያው በተጠለፈው ኢሜይል ከተቀበልሁ ሌባው የራሱን ቁልፍ ሊሰጠኝ ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ደውሎ የምስክር ወረቀቱን አሻራ ፊደል በፊደል ማንበብ ግድ ነው፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ይደረግ። የምስክር ወረቀቱ የሚያበቃበት ቀንም አለው። በምክር ሥራዬ ካየኋቸው መስተጓጎሎች የሚበዙት ከምሥጠራ ጉድለት ሳይሆን ቀኑን ካለመከታተል የመጡ ናቸው።

ሕጉን በተመለከተ መንገዱ ክፍት ነው። አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ፣ አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥተዋል። በእኔ አስተያየት የቀረው ችግር የልማድ ነው፤ ክብ ማኅተም ካላየን አንረካም።

አንድ ሰነድ ግን በዚህ ሁሉ አይፈታም፤ እርሱም የመርከብ ጭነት ሰነድ፣ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ነው። ዋናውን የያዘ ዕቃውን ይረከባል፤ የኮምፒውተር ፋይል ግን ዋናና ቅጂ የለውም። ፊርማው ቢረጋገጥም ያው ሰነድ ለሁለት ገዢዎች ሊላክ ይችላል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ሰነዱን በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ እንዲቆጣጠረው የሚያደርግ ሥርዓት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን ሞዴል ሕግ ያወጣለት በ2017 ሲሆን፣ የመርከብ ንግድ ውሎች በብዛት የሚገዙላት እንግሊዝ ሕጓን ያሻሻለችው ገና በ2023 ነው። በዚህ ላይ የሕግ ፋኩልቲ ባልደረቦቼ ከእኔ የተሻለ ሊናገሩ ስለሚችሉ መድረኩን ለእነርሱና ለጥያቄዎቻችሁ እለቃለሁ።