ሙቀት የማይበግረው አልጌና ባለቤቱ

መንግሥት ጥር 2016 ላይ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ፣ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ከተመረቀ ወዲህ፣ ስለ ባዮፊውል ማውራት ጊዜው ያለፈበት ይመስላል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ባጃጅ ነጂ ግን ማደያው ሲነጥፍ ዛሬም ቤንዚን በሃይላንድ ነው የሚገዛው፤ በርበሬና በቆሎ የሚጭነው አይሱዙም ናፍጣ ነው የሚጠጣው። አውሮፕላን ደግሞ ለረጅም ጉዞ በባትሪ አይነሣም። የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤርፖርቶቹ የሚቀዳ የአውሮፕላን ነዳጅ 2 በመቶው ዘላቂ ከሚባለው ምንጭ እንዲሆን አስገድዷል፤ በ2050 ድርሻው 70 በመቶ ይደርሳል። ወደ አውሮፓ በየቀኑ የሚበር አየር መንገድ ያላት አገር ጉዳዩን ችላ ልትለው አትችልም። ዘይቱ ለነዳጅ ይሆናል የሚባለው አልጌም ዳግመኛ ወሬ የሆነው በዚሁ በር ገብቶ ነው።

ሙቀት የሚችል ዝርያ የሚፈለግበት ምክንያት ቀላል ነው። አልጌ የሚያድገው በፀሐይ ነው፤ ፀሐይ ባለበት ደግሞ ውሃው ይግላል። በተዘጋ የመስታወት ቱቦ ውስጥ የሚረባ አልጌ ማቀዝቀዣ ካልተደረገለት፣ ውሃው ከአካባቢው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። የተለመዱት ዝርያዎች ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይስማማቸዋል፤ ከዚያ ሲያልፍ በሕዋሳቸው ውስጥ ብርሃን ተቀብሎ ውሃ የሚሰነጥቀው የፕሮቲን ስብስብ ከሁሉ ቀድሞ ይጎዳል። ለማቀዝቀዝ የሚወጣው ኃይል የተገኘውን ነዳጅ ይበላዋል። ስለዚህ ተመራማሪው ማሽኑን ትቶ ፍጡሩን ይፈልጋል።

ፍጡሩም አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ሶሮኪን እና ማየርስ ቴክሳስ ውስጥ 39 ዲግሪ አካባቢ የሚፋፋ ክሎሬላ አገኙ፤ ዛሬ ክሎሬላ ሶሮኪኒያና ይባላል። ጋልዲየሪያ የሚባለው ቀይ አልጌ በአሲድ ውሃ ውስጥ 56 ዲግሪን ይቋቋማል። ሰማያዊ አረንጓዴ የሚባሉት ሳይኖባክቴሪያዎች እስከ 73 ዲግሪ ይዘልቃሉ። ችግሩ ሌላ ነው፦ እነዚህ የእሳት ጎረቤቶች ብዙ ጊዜ ዘይት አያከማቹም። ዘይት እንዲያከማቹ የሚገደዱትም ናይትሮጅን ሲነፈጋቸው ነው፤ ያን ጊዜ ማደጋቸውን ያቆማሉ። በጂን ቅየራ ይህን ለመፍታት የተሞከረው ብዙ ነው፤ ዘርዝሬ አላሰለቻችሁም። ኤክሶንሞቢል እ.ኤ.አ. በ2009 እስከ 600 ሚሊዮን ዶላር ሊወጣበት የሚችል ፕሮግራም አስታውቆ ነበር፤ ከ13 ዓመት በኋላ ገንዘቡን አቁሞ ወጣ ማለት ይበቃል።

ለጎጃም አንባቢ ይበልጥ የሚነግረው የቆየው የአሜሪካ ሙከራ ነው። ከ1978 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. የዘለቀው የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም 3 ሺህ ገደማ ዝርያ ሰብስቦ፣ ኒው ሜክሲኮ ሮዝዌል ላይ እያንዳንዱ 1000 ካሬ ሜትር የሆነ ገንዳ ቆፈረ። ምርቱን ያወረደው የቀኑ ሙቀት አልነበረም፤ የበረሃው የሌሊት ብርድ ነበር። ከቤተ ሙከራ የመጣውንም ዝርያ የአካባቢው አልጌ እየገባ ከገንዳው አስወጣው። ፍኖተ ሰላም ወይና ደጋ ናት፤ መጋቢት ላይ ቀኑ ቢያነድም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቡሬ ደግሞ ከፍ ትላለች። ሙቀት ወዳድ አልጌ በዚህ ቢረባ ቀን ይነሣል፣ ሌሊት ያንቀላፋል። ቦታው ካለ ከቡሬ በነቀምት መንገድ ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ነው፤ ያውም ውሃውና ማዳበሪያው ከተገኘ። አልጌ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፈልጋል፤ ዩሪያ ለበቆሎው በወረፋ የሚያገኝ ገበሬ ለገንዳ የሚሰጠው ትርፍ የለውም። ሊታሰብ የሚችለው የፋብሪካ ፍሳሽ ነው፤ ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የምግብ ዘይት የማምረት አቅም ያለው ፊቤላ አላት፤ እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች ባሉበት የሚጣራ ፍሳሽ አይጠፋም።

ቀደም ሲል የተሞከሩት የኢትዮጵያ ባዮፊውሎችም ለትሕትና የሚያበቁ ናቸው። የባዮፊውል ስትራቴጂው ከወጣ በኋላ የጃትሮፋና የጉሎ ኩባንያዎች ጎረፉ፤ አንዱ የተሰጠው መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር ተደራረበ። ፊንጫ የስኳር ፋብሪካ ኤታኖሉን አወጣ፤ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ተቀላቀለ፣ በኋላም 10 በመቶ ሆነ። ከሁሉ የሚገርመኝ ጎመንዘር ነው። ባልቴቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ይህ ዘር፣ ጥር 2018 እ.ኤ.አ. ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልቦርን በበረረ የኳንታስ ቦይንግ 787 ነዳጅ ውስጥ 10 በመቶ ቅይጥ ሆኖ ፓስፊክን ተሻገረ። ዘሩን ለነዳጅ ያዳቀለው የካናዳ ኩባንያ ነው፤ ጎጃም ከዚያ በረራ ያገኘችው የለም።

ወደ ሙቅ ውሃ ፍጥረታት ስንመለስ ዋናው ጉዳይም ይኸው፣ ከሀብቱ ማን ይጠቀማል የሚለው ነው። ኢትዮጵያ በስምጥ ሸለቆዋ ሻላን፣ አቢጃታንና ጪቱን፣ ቢሾፍቱ ላይ አረንጓዴ ሐይቅን ይዛለች። ታሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት አረንጓዴ ሐይቅን የተፈጥሮ ፎቶሲንተሲስ የት ድረስ ሊደርስ እንደሚችል ማሳያ አደረጉት። በሐይቁ የሞላው ስፒሩሊና 35 ዲግሪ አካባቢ ይመቸዋል፤ ለነዳጅ የሚሆን ዘይት ግን እምብዛም የለውም፤ ፕሮቲን ነው። ቻድ ውስጥ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ከሐይቅ ዳር ሰብስበው አድርቀው ይበሉታል። እሱን ማቃጠል ለእኔ ጤፍ ማገዶ እንደማድረግ ነው።

ከሙቅ ውሃ የወጣ ደቂቅ ፍጡር ትልቅ ገንዘብ ሲያስገኝ በነዳጅነት አልነበረም። በ1966 እ.ኤ.አ. ከየሎስቶን ፍል ውሃ የተገኘው ባክቴሪያ ለፒሲአር ምርመራ ኤንዛይም ሰጠ፤ ሮሽ የተባለው ኩባንያ የፒሲአርን መብት በ1991 እ.ኤ.አ. በ300 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ እነቦጎሪያን ከመሰሉ የሶዳ ሐይቆቿ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተወሰዱ ፍጥረታት ጄኔንኮር ለተባለው ኩባንያ የልብስ ማጠቢያና የጂንስ ማደብዘዣ ኤንዛይም ማውጫ መሆናቸውን ስትሰማ፣ የዱር እንስሳት አገልግሎቷ በ2004 እ.ኤ.አ. ድርሻ ይገባኛል ብሎ ተነሣ። ናሙናው ከወጣ አሥር ዓመት አልፎ ነበር። እኛም በጤፍ የሆላንድ ኩባንያ ፓተንት ቀምሰናል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የሄግ ፍርድ ቤት እስኪሽረው ድረስ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቷል። ጤፍ እንኳ የሚታወቅ እህል ነው፤ በጠርሙስ ተቀድቶ በኪስ የሚወጣን አልጌ ማን ያየዋል? የ1998 ዓ.ም. የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ፈቃድ ጠይቆ መውሰድን ያዝዛል።

ስለዚህ ፍርዴን ልናገር። ሙቀት የሚችል አልጌ መፈለግ ይገባል፤ ለቡሬ አይሱዙ ናፍጣ ይሆናል በሚል ተስፋ ግን አይደለም። ለመኖ፣ ለቀለም፣ ለኤንዛይም፣ ለፍሳሽ ማጣሪያ ይፈለግ፤ ነዳጁ፣ ከመጣ፣ በኋላ ይምጣ። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስም ሆነ በሌላ ቦታ ናሙና ለመቅዳት የተዘጋጃችሁ መምህራንና ተማሪዎች ግን አደራ፦ ጠርሙሱን ለውጭ አገር ቤተ ሙከራ ከመላካችሁ በፊት ግማሹን በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አስመዝግባችሁ አስቀምጡ።